ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡ ንግግሮች እንዳያመልጧችሁ፦ ከማስታወቂያው እስከ አዳራሹ ወንበር

ጅማ እየኖረ ዩኒቨርሲቲውን ከአጥሩ ውጭ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ለሕክምና ይሄዳል፣ የምርቃት ቀን ዘመድ ያጅባል፣ በቃ። ውስጥ ግን ስለ ቡናችን፣ ስለ ውኃችን፣ ስለ ልጆቻችን ጤና ዓመታት ያጠኑ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ቆመው ይናገራሉ። የኋላ ወንበሮች ባዶ ናቸው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሠራተኛም ሆኜ አላውቅም፣ የከተማው ሰው ነኝ። ግን ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ገብቼ እሰማለሁ፣ ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ነገር የቀየሩልኝ ንግግሮች አሉ። እንዴት እንደምገባ የሚጠይቁኝ ስለበዙ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ «እኔ ምን አገባኝ» የሚለውን ሐሳብ አውጡት። የዚህ ዩኒቨርሲቲ መፈክር «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። ተማሪዎቹ በየቀበሌው እየወጡ ቤት ለቤት ሲጠይቁና ሲመዘግቡ አይታችኋል፣ ምናልባት እናንተም በር ላይ ቆማችሁ መልሳችሁላቸዋል። ከእኛ ቤት የተሰበሰበ ጥናት ውጤቱ ሲነገር መስማት መብታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ዝግጅት ለሁሉም ክፍት አይደለም። ማስታወቂያ ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ማንን ነው የጠራው?» ነው።

የሕዝብ ንግግር ወይም ፐብሊክ ሌክቸር ከተባለ ለእናንተ ነው፣ ሳታቅማሙ ሂዱ። የፓናል ውይይትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ሴሚናር ሲባል የትምህርት ክፍሉ የራሱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ነው፣ ግን ቀድሞ ለጠየቀ ሰው በር የሚዘጋ ትምህርት ክፍል እስካሁን አልገጠመኝም። ወርክሾፕና ሥልጠና ግን ስም ዝርዝር አለው፣ ምሳና ሻይም በቁጥር ይዘጋጃል፣ ስለዚህ ሳይመዘገቡ መሄድ ሰው ማስቸገር ነው። ኮንፈረንስ ላይ መክፈቻው ክፍት ሆኖ የውስጥ ክፍለ ጊዜዎቹ ምዝገባ ሊፈልጉ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የምመክራችሁን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ፣ በተለምዶ ዲፌንስ የምንለው። አንድ ሰው ሦስት አራት ዓመት የለፋበትን ሥራ ይዞ ይቆማል፣ ያቀርባል፣ ከዚያ ፈታኞች አንድ በአንድ ይጠይቁታል። ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሎ ከተለጠፈ ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ዝም ብሎ ማዳመጥ ብቻ ትምህርት ነው፣ ምክንያቱም ዕውቀት እንዴት እንደሚፈተን በዓይን ይታያል። ተማሪዎቼን ሁለት ጊዜ ይዣቸው ሄጃለሁ። አንዷ ስንወጣ «ቲቸር፣ እሱ እንኳን አላውቅም አለ እኮ!» አለችኝ። ፈታኙ ለጠየቀው ጥያቄ አቅራቢው «ይሄንን ጥናቴ አይመልስም» ብሎ ነበር። ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት አትፈራም። እዚህ ላይ ግን አንድ ደንብ አለ፣ ሰብሳቢው ዕድል ካልሰጠ በስተቀር ከታዳሚ ጥያቄ አይነሳም፣ በመሐል መግባትና መውጣትም ነውር ነው።

ወሬውን ከየት እናገኛለን

አንድ ቦታ ብቻ ተስፋ አታድርጉ። የዩኒቨርሲቲው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች ጥሩ ናቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ፎቶውን ነው የምታዩት። ቀድሞ የሚታወቀው በትንንሾቹ ቦታዎች ነው፦ በኮሌጆቹና በትምህርት ክፍሎቹ የራሳቸው ቴሌግራም፣ በተማሪ ክበባት ግሩፕ፣ በር ላይ በሚሰቀል ባነር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ። የዩኒቨርሲቲውን የማኅበረሰብ ሬዲዮም ክፈቱ፣ እናቴ ከእኔ ቀድማ የምትሰማበት ጊዜ አለ።

ማንም የማያስበውን አንድ ቦታ ልጨምር። በሩ አካባቢ ያሉት የፎቶ ኮፒና የህትመት ቤቶች። ፖስተርም የስም ባጅም የሚታተመው እዚያ ነው። ወረቀት ኮፒ ላደርግ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ፖስተር አይቼ ያወቅኩት ዝግጅት አንድና ሁለት አይደለም።

ግን ትክክለኛው መንገድ ሰው ማወቅ ነው። ጎረቤታችሁ የተከራየ ተማሪ፣ የአክስት ልጅ፣ እዚያ የምትሠራ ጓደኛ፣ አንድ ሰው ይበቃል። እሁድ ማታ አጭር መልእክት ላኩለት። እኔ የምልከው ይሄ ነው፦ «ሰላም ነው? በዚህ ሳምንት ግቢ ውስጥ ለውጭ ሰው ክፍት የሆነ ንግግር ወይ ዲፌንስ አለ? ካለ የፖስተሩን ፎቶ ላክልኝ፣ ሰዓቱን በቃል አትንገረኝ።» የመጨረሻዋ ሐረግ አስፈላጊ ናት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ቀኑንና ሰዓቱን ገልብጡ (ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው)

አንድ ድርጅት ያዘጋጀው ስለ ወጣቶች የሥራ ፈጠራ የሚያወራ ንግግር ነበር። ፖስተሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ «ቅዳሜ 3፡00» ይላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል፣ ጥበቃው አዘነልኝ። ለካ በፈረንጅ ሦስት ነበር፣ ማለትም በእኛ ከሰዓት 9። ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ከሰዓት ለቅሶ ገጠመኝ፣ ቀረሁ። በጣም ልሰማው የፈለግኩት ንግግር ነበር፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፖስተሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው ብላችሁ ጀምሩ። በሰዓቱ ላይ 6 ጨምሩበት፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት። 9 ከሆነ 15፣ ሲቀነስ ጠዋት 3። 2 ከሆነ ከሰዓት 8። 14፡30 ብሎ ከጻፈ ደግሞ በቀጥታ 6 ቀንሱ፣ 8፡30 ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ በእኛ ነው፣ ግን ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ፖስተር ሰዓቱ ሳይገለበጥ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ጤናማ ጥርጣሬ ይኑራችሁ። 2 ሰዓት ላይ የሚጀመር ንግግር ካያችሁ «የጠዋት ነው የከሰዓት?» ብላችሁ ደውሉ። ነውር የለውም።

ቀኑስ? ስልካችሁ ላይ የቀን መቁጠሪያ መቀየሪያ ካለ ተጠቀሙ። ከሌለ እኔ በቃሌ የያዝኩት ይሄ ነው። ቀኑ የሚወድቅበትን የእኛን ወር አውቃችሁ ትቀንሳላችሁ። የፈረንጁ ቀን ከሚቀነሰው ቁጥር ካልበለጠ ያለፈውን የፈረንጅ ወር ቀናት ብዛት መጀመሪያ ደምሩበት። ለመስከረምና ለጥቅምት 10። ለኅዳር፣ ለታኅሣሥና ለመጋቢት 9። ለጥር፣ ለሚያዝያና ለግንቦት 8። ለየካቲት፣ ለሰኔና ለሐምሌ 7። ለነሐሴ 6። ኖቬምበር 19 ካለ ኅዳር 10 ነው፣ ማርች 19 ካለ መጋቢት 10 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ማለት ነው፣ ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ጨምራችሁ ቀንሱ። ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን። «5/7» ብሎ ካየሁ እኔ አላምነውም። መጋቢት 5 ሊሆን ይችላል፣ ጁላይ 5 ሊሆን ይችላል፣ ሜይ 7ም ሊሆን ይችላል። የሳምንቱ ቀን አብሮ ከተጻፈ ከካላንደር ጋር አመሳክሩት፣ የሚገጥመው አንዱ ብቻ ነው አብዛኛውን ጊዜ። ካልተጻፈ ጠይቁ።

የትኛው ግቢ ነው?

ባጃጅ ተሳፍራችሁ «ዩኒቨርሲቲ» ካላችሁ ዋናው ግቢ በር ላይ ነው የሚያወርዷችሁ። ዝግጅቱ ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሁለት የቆዩ ተቋማት ተዋሕደው ነው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የግብርናው ትምህርት ቤትና በ1983 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም። በኋላ ደግሞ ሌሎች ተጨመሩ። ለዚህ ነው ግቢዎቹ ከተማው ውስጥ የተበተኑት።

በአጭሩ፣ የቡና፣ የከብት፣ የአፈር፣ የምግብ ጉዳይ ከሆነ ግብርናው ግቢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የምህንድስናና የኮምፒውተር ነገር ኪቶ ፉርዲሳ፣ ቴክኖሎጂው ጋር ነው። ንግድና ኢኮኖሚክስ የራሱ ግቢ አለው፣ ተማሪዎቹ ቢኮ የሚሉት። ጤና ከሆነ ወይ ዋናው ግቢ ወይ ሕክምና ማዕከሉ ውስጥ ነው፣ ሁለቱን አጣሩ። አጋሮ ላይም ግቢ አለ፣ እሱ ከከተማ መውጣት ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ «አጋሮ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን በደንብ እዩ። የአዳራሹን ስም ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። ግቢው ሰፊ ነው፣ «አንድ ንግግር አለ ተብዬ ነው» ብትሉ ተማሪውም አያውቅላችሁም።

በሩ ላይ

ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። ማስፈራት የለበትም።

መታወቂያ ያዙ፣ የቀበሌም ይሁን ፋይዳ ወይም የሥራ። ፍተሻ አለ፣ ቦርሳ ይከፈታል። ላፕቶፕ ከያዛችሁ ስትገቡ ይመዘገባል፣ ስትወጡ የእናንተ መሆኑ ይረጋገጣል። ባትይዙት ይሻላል፣ ደብተር ይበቃል።

ጥበቃዎቹን በአክብሮት ሰላም በሉ። በጠዋት «አካም ቡልተን»፣ ከሰዓት ከሆነ «አካም ኦልተን» ማለት እኛ ከተማ ላይ ፊት ይፈታል፣ ከልብ ከሆነ በተለይ። ከዚያ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ የምን ዝግጅት፣ የት አዳራሽ፣ ማን ያዘጋጀው። «ጋሼ፣ ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ሕዝብ ጤና ትምህርት ክፍል ያዘጋጀው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር አለ፣ እሱን ልሰማ ነው» በሉና የፖስተሩን ፎቶ ከስልካችሁ አሳዩ። ፖስተሩ ላይ ስልክ ቁጥር ካለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። አልተነገረንም ካሉ አትጨቃጨቁ። ሥራቸው ነው፣ ለተማሪዎቹ ደኅንነት ነው የቆሙት። ለአዘጋጁ ደውሉና ከጥበቃው ጋር አገናኙት።

ከበሩ እስከ አዳራሹ የእግር መንገድ ስላለ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ዝናቡን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት ላይ ጃንጥላ ሳትይዙ አትውጡ፣ በሌላውም ወር ቢሆን ጅማ ናት። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ኋላ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ማይኩም አብሮ ይሄዳል። ከፊት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ለክብር እንግዶች ነው።

ዓርብን በተመለከተ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ጁምዓ ስለሆነ የሚዘጋጅ ነገር ብዙም የለም፣ ከሰዓት የተጠራ ዝግጅትም ትንሽ ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል። በረመዳንም ሰዓቶች ይቀያየራሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠዋት አረጋግጡ።

አዳራሽ ውስጥ፣ ጥያቄ ስለመጠየቅ

ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆን አትደንግጡ። ተናጋሪው ራሱ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ይገባል ይወጣል። ያልገባችሁን ቃል ደብተር ላይ ጻፉት፣ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ተማሪ በኋላ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ያስረዳችኋል።

ጥያቄ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁ። «ዶክተር» ወይም «ፕሮፌሰር» ብላችሁ የራሱን ስም ጥሩ፣ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ተቀመጡ። ንግግር አታድርጉ። ማይክ ይዞ አምስት ደቂቃ የሚያወራ ታዳሚ ሌሎች አምስት ሰዎችን ያስቀራል።

ጥሩ ጥያቄ ዓይናችሁ ካየው ነገር ይነሳል። ምሳሌ ልስጥ፣ የእኛ አገር ምሳሌ ቡና ነው። «ቡናችን ለምን ይደርቃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሰፊና ልል ነው፣ ምክንያቱም ቡና በብዙ ምክንያት ይደርቃል። «እኔ ጎማ ወረዳ ቡና አለኝ፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ጥቁር ጠባሳ አውጥቶ ይረግፋል፣ ቅጠሉ ደህና ነው፣ ይሄ የቡና ፍሬ በሽታ ነው ወይ?» ያለ ገበሬ ግን ቁም ነገር ይዞ ይመለሳል። ያ በሽታ አገራችን ውስጥ ከታወቀበት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተሠርቶበታል። ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች በሽታውን እንዲቋቋሙ ተመርጠው የወጡት እዚሁ አጠገባችን፣ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ይሄን ሲሰማ ወዲያው «ዝርያው የትኛው ነው? ጥላ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዛፍ እያወራችሁ ነው።

በስልክ ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ ፍላሽ አጥፉ፣ ቪዲዮ ከሆነ አስፈቅዱ። በተለይ የታካሚ ፎቶ ያለበትን ስላይድ አታንሱ።

ከንግግሩ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች

ሰው ሁሉ ተነስቶ ይሮጣል። እናንተ ቆዩ። ተናጋሪው ኮምፒውተሩን እስኪዘጋ ጠብቁና ቀርባችሁ አመስግኑት፣ ከዚያ «ስላይዱን ላገኝ እችላለሁ?» በሉ። አብዛኞቹ ይልካሉ። ቀጥሎ ደግሞ ዋናው፦ አዘጋጁን ፈልጉና «ቀጣዩ መቼ ነው? ስሜን መዝግቡልኝ» በሉት። እኔ አሁን ብዙ ፖስተር የሚደርሰኝ በዚህ መንገድ ነው። አዘጋጆች ባዶ ወንበር ያሳስባቸዋል፣ ከከተማ የመጣ ሰው ሲያዩ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል።

የዕድር ወይም የማኅበር ኃላፊ ከሆናችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ በደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። አጭር ይሁን፣ ማኅተም ይኑረው፣ ስንት ሰው እንደምታመጡና በየትኛው ርዕስ ላይ መስማት እንደምትፈልጉ ይግለጽ፣ ስልክ ቁጥር አይረሳ። የሚገባው ለሚመለከተው ኮሌጅ ወይም ለማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ ነው። ግልባጩ ላይ ተቀባዩን አስፈርሙና ይዛችሁት ሂዱ። ሁለት ሳምንት ቀድሙ፣ የፈተና ሰሞን ደግሞ አትጠይቁ።

ማታ ቤት ገብታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ማን ተናገረ፣ ምን አዲስ ሰማሁ፣ ማን ቢሰማው ይጠቅመዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው በማግስቱ ደውሉለት። በሚቀጥለው ጊዜ አብሯችሁ እንዲመጣ ንገሩት፣ መታወቂያውን እንዳይረሳም አስታውሱት።

ዝግጅቱ 11 ሰዓት አካባቢ ካለቀ ሰው ለባጃጅ ይሻማል፣ ከአዳራሹ ቶሎ ካልወጣችሁ ትንሽ ወደ ዋናው መንገድ በእግር ሂዱ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ በገባችሁበት በር ውጡ፣ የተመዘገበው እዚያ ነው።